«እግዜር ይስጥህ» ማለትና መስጠት

በአማርኛ ቋንቋ ሁለት ቃሎች አሉ፤ በጆሮ ሲሰሙ ወንድማማች ይመስላሉ፥ በሥራ ግን አይተዋወቁም። አንደኛው «እግዜር ይስጥልኝ» ነው። ይህን የሚናገረው የተቀበለ ሰው ነው፤ ትርጓሜውም ብድርህን ለመመለስ አቅም የለኝምና በእኔ ፈንታ እግዚአብሔር ይክፈልህ ማለት ነው። ሁለተኛው «እግዜር ይስጥህ» ነው። ይህን ግን በደጅ የሚናገረው ያልሰጠ ሰው ነው። ነዳይ ከበር ቆሞ ስለ እግዚአብሔር ብሎ በለመነ ጊዜ፥ ባለቤቱ በሩን ሳይከፍት፥ ወይም ገርበብ አድርጎ ፊቱን ብቻ አሳይቶ ይህን ቃል ይልና ይመለሳል። ለማኙም የቃሉን ምሥጢር ስለሚያውቅ ሁለተኛ አይጠይቅም፤ ዱላውን አንሥቶ ወደሚቀጥለው ደጅ ይሄዳል። በእግዚአብሔር ስም መጣ፥ በእግዚአብሔር ስም ተሸኘ። ከምርቃት ሁሉ የሚያምረው ምርቃት እንዲህ ሆኖ የእምቢታ ቃል ሆነ።

ቃሉ በራሱ ነቀፋ የለበትም። በቤቱ ምንም የሌለው ድሀ ለመሰሉ ድሀ ይህን ቢል ጸሎት ነው፤ እግዚአብሔርም ጸሎቱን አይንቅም። ነገሩ የሚበላሸው ጎተራው የሞላ ሰው ሲናገረው ነው። በዚያን ጊዜ ቃሉ ጸሎት መሆኑ ቀርቶ ሙግት ይሆናል፤ ይኸውም አንተን የመመገብ ዕዳ የእግዚአብሔር ነው እንጂ የእኔ አይደለም የሚል ሙግት ነው። ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ በሁለተኛው ምዕራፍ፥ የተራቈተውንና የዕለት ምግብ ያጣውን ወንድሙን በመልካም ቃል ብቻ የሚያሰናብተውን ክርስቲያን የነቀፈው ስለዚህ ነው። ያ ሰው ክፉ አልተናገረም፤ እንዲያውም ሙቀትንና ጥጋብን ተመኝቶለታል። ሐዋርያው ግን ምኞቱን ከምንም አልቈጠረለትም፥ ሃይማኖቱንም ከሞተ ሃይማኖት ጋር ደመረበት።

ይህ ሙግት በለማኝ ደጅ ብቻ ቢቀር ኖሮ ጉዳቱ ጥቂት በሆነ ነበር። ዛሬ ግን ትምህርት ሆኗል። በዐውደ ምሕረት ላይ ስለ መግቦተ እግዚአብሔር ሲሰበክ፥ ብዙ ጊዜ የሚሰበከው ለድሀው ነው። የሰማይ ወፎችን ተመልከት፥ የሜዳ አበቦችን ተመልከት፥ አትጨነቅ ይባላል። መልካም ነው፤ ጌታ ራሱ ያስተማረው ነውና። ነገር ግን ሰባኪው ፊቱን ወደ ባለጠጋው መልሶ፥ ስለ ነገ የማይጨነቅ ክርስቲያን የዛሬውን ትርፍ ለምን እንደ ቈለፈበት ሲጠይቀው አይሰማም። ወንጌላዊው ሉቃስ በ12ኛው ምዕራፍ የጻፈውን ተራ መመልከት ያስፈልጋል። በመጀመሪያ ጎተራውን አፍርሶ ሌላ ትልቅ ጎተራ ሊሠራ ያሰበው ባለጠጋ ይመጣል፤ ከእርሱ ቀጥሎ ስለ ቁራዎችና ስለ አበቦች የተነገረው ይመጣል፤ ከዚያም በኋላ ያለውን ሸጦ ስለ መመጽወት የተሰጠው ትእዛዝ ይከተላል። እንግዲህ አለመጨነቅ በጎተራና በምጽዋት መካከል የቆመ ትምህርት ነው። ፊቱንና ኋላውን ቈርጦ መካከሉን ብቻ ለተራበ ሰው መስበክ ወንጌልን ማሳጠር ነው።

በቀዳማዊ መጽሐፈ ነገሥት በ17ኛው ምዕራፍ የተጻፈውን የኤልያስን ታሪክ የማያውቅ ካህን የለም። ቢሆንም ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚነገረው እኩሌታው ነው። ዝናም በተከለከለበት ዘመን እግዚአብሔር ነቢዩን አስቀድሞ በኮራት ፈፋ አስቀመጠው፤ ቁራዎችም ጧትና ማታ እንጀራና ሥጋ ያመጡለት ነበር። ይህን ሰው ሁሉ ይወደዋል፤ ከማንም ምንም የማይጠይቅ መግቦት ነውና። ቁራው ባመጣው እንጀራ ምክንያት ማዕዱ የጐደለበት ሰው በታሪኩ ውስጥ አልተጻፈም። ከዚያ በኋላ ግን ፈፋው ደረቀ። እግዚአብሔር ሌላ ምንጭ ማፍለቅ፥ ቁራዎቹንም እንደገና ማዘዝ ይቻለው ነበር። አላደረገውም። ነቢዩን ወደ ሰራፕታ፥ ወደ አንዲት መበለት ላከው።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። ሰራፕታ የሲዶና ናት፤ በሲዶናውያን ላይ የነገሠውም የኤልዛቤል አባት ነው። የእግዚአብሔርን ነቢያት ያስፈጀችው ንግሥት የተወለደችበት አገር ለተሰደደው ነቢይ ማዕድ ሆነ። መበለቲቱም የነበራት በማድጋ አንድ እፍኝ ዱቄት፥ በማሰሮም ጥቂት ዘይት ነው። ነቢዩ ባገኛት ጊዜ ጭራሮ ትለቅም ነበር፤ ያንን ዱቄት ለራስዋና ለልጅዋ ጋግራ፥ በልተው ሊሞቱ። እግዚአብሔር ነቢዩን እንድትመግብ ያዘዘው ይህችን ሴት ነው። እንግዲህ ለኤልያስ መግቦት የሆነው ነገር ለእርስዋ መሥዋዕት ነበረ። እንጀራው አንድ ነው፤ ከተቀባዩ ወገን ሆነው ሲያዩት መግቦት ይባላል፥ ከሰጪዋ ወገን ሆነው ሲያዩት መሥዋዕት ይባላል። ሁለቱን ለያይቶ፥ መግቦቱን ለእግዚአብሔር ትቶ መሥዋዕቱን ከማንም የማይጠይቅ ስብከት የኮራትን ቁራ ይሰብካል እንጂ የሰራፕታን መበለት አይሰብክም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው እምነት የተጠየቀው ከማን እንደ ሆነ ነው። ኤልያስ ተርቦ ለመነ፤ የተራበ ሰው ለመለመን ብዙ እምነት አያስፈልገውም። እምነት ያስፈለጋት መበለቲቱ ናት። ዱቄቱ በእጅዋ ነበረ፥ ልጅዋ በዐይንዋ ፊት ነበረ፤ ተስፋው ግን በማታውቀው መጻተኛ አፍ ላይ ብቻ ነበረ። በእግዚአብሔር መግቦት መታመን ዱቄት ለሌለው ሰው መጽናኛ ከመሆኑ አስቀድሞ ዱቄት ላለው ሰው ትእዛዝ ነው። የሰው እጅ የሚጨበጠው በስስት ብቻ አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ በፍርሃት ነው። ነገ ምን ይመጣ ይሆን፥ ልጆቼ ምን ይበላሉ፥ ብታመምስ፥ ከሹመቴስ ብሻር የሚለው ሐሳብ ጣቶችን አንድ በአንድ ያጥፋቸዋል። ይህ ፍርሃት የያዘው ሰው በደጁ የቆመውን ነዳይ እግዚአብሔርን እመን ሲለው፥ ራሱ ያላመነውን አምላክ ለሌላ ሰው ማዋሱ ነው።

ይህ የትርጓሜ ነገር ብቻ እንዳይመስል በኢትዮጵያ ምድር የሆነውን ማስታወስ ይበቃል። በ1965 ዓመተ ምሕረት በወሎ ዝናም ጠፍቶ ሰብል ባልተገኘ ጊዜ ብዙ ሕዝብ በረኃብ አለቀ። ሰማይ ተቈጥቶ ነው፥ እግዚአብሔር መግቦቱን ወስዶ ነው የሚል ሰው ዛሬም አይታጣም። ህንዳዊው የኢኮኖሚ ሊቅ አማርትያ ሴን ስለ ድህነትና ስለ ረኃብ ጽፎ በ1981 ዓመት በአውሮፓውያን አቈጣጠር ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ረኃብ መርምሮታል፤ ያገኘው ነገር ግን ሌላ ነው። በወሎ አዝመራው ጠፍቷል፤ በመላው አገር የነበረው እህል ግን ያን ያህል አልቀነሰም። በደሴ ገበያም የእህል ዋጋ ሰው እንደሚገምተው እጅግ አልናረም፤ የተራበው ሰው መግዣ ስላልነበረው ገበያው ረኃቡን አልሰማውም። እንዲያውም በዚያው ጊዜ ከወሎ ወደ ሌላ አገር የወጣ እህል ነበረ። ገበሬው አዝመራውን አጣ፥ ዘላኑ ከብቱን አጣ፤ ሁለቱም እህል ስለ ጠፋ ብቻ ሳይሆን የሚገዙበትን አጥተው ሞቱ።

እንግዲህ በዚያ ዓመት የጐደለው የእግዚአብሔር መግቦት ነበረን? እህሉ በሌላው የአገሪቱ ክፍል በቅሏል፥ ታጭዷል፥ ተወቅቷል፥ ጎተራ ገብቷል። ሰማይና ምድር ሊሠሩት የሚገባው ሥራ በጎተራው በር ላይ ተፈጽሞ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ የሰው መንገድ ነው። «እግዜር ይስጥህ» ለሚባለው ለዚያ ሕዝብ እግዚአብሔር ሰጥቶት ነበር፤ የተሰጠው እህል በሌላ ሰው ቤት ተቀምጦ ነው እንጂ። ስለዚህ ጥጋበኛው ከተማ ስለ መግቦት በሚያወራበት ጊዜ መጠየቅ ያለበት እግዚአብሔር ይሰጣልን ተብሎ አይደለም። የሰጠው የት ደረሰ ተብሎ ነው።

በዚህ ነገር ሌላው ሰው ቢሳሳት ያሳዝናል፤ የኢትዮጵያ ካህን ቢሳሳት ግን ያስገርማል። በመግቦት የኖረ ትምህርት ቤት ቢፈለግ ከቆሎ ተማሪ ጉባኤ የበለጠ በቀላሉ አይገኝምና። ንባቡ፥ ዜማው፥ ቅኔው፥ አቋቋሙ፥ የመጻሕፍቱ ትርጓሜ ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲተላለፍ ተማሪውን ያኖረው ቍራሽ ነው። ከወላጆቹ ቤት ተለይቶ፥ ወንዝ ተሻግሮ የመጣው ልጅ ደበሎውን ለብሶ፥ አኩፋዳውን አንግቶ፥ በዱላው ውሻ እየተከላከለ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል። ገና ፊደል የለየ ሕፃን ሊሆን ይችላል፤ ቅኔ የሚቈጥር ጐልማሳም ሊሆን ይችላል። ሁሉም የሚቆመው በዚያው ደጅ ነው።

የሚሰጠው ማን ነው? በነሐሴ ወር፥ የዓምናው እህል አልቆ የዘንድሮው ገና ቡቃያ በሆነበት ወራት፥ ዝናሙ ሳያባራ፥ የገበሬ ሚስት ከሌማትዋ ቈርሳ ትሰጠዋለች። ሌማቱ ሙሉ ስለ ሆነ አይደለም። ልጆችዋም በምድጃው ዙሪያ ተቀምጠው ቍራሹ ወዴት እንደሚሄድ ያያሉ። የሰጠችውን የመዘገበላት የለም፤ ስምዋ በገድልም በታሪከ ነገሥትም አልተጻፈም። ያ ተማሪ ግን ከብዙ ዓመት በኋላ መሪጌታ ሆኗል፥ የቅኔ መምህር ሆኗል፥ ካባ ለብሶ በጉባኤ ከፍ ካለ ወንበር ተቀምጧል። የአጥንቱ ብርታት ከየት እንደ መጣ ቢመረመር፥ ስማቸው ያልታወቀ የብዙ ሴቶች እራት ይገኝበታል። እንዲህ ያለው ሊቅ ዛሬ በግቢው በር ዘበኛ አቁሞ ለማኙን «እግዜር ይስጥህ» የሚያስብል ከሆነ፥ የሚክደው አንድ የትምህርት አንቀጽ አይደለም፤ የበላውን እንጀራ ነው። ይህ ስለ ሁሉ አይነገርም። ጥቂቱን መቍነናቸውን ከደቀ መዛሙርቶቻቸው ጋር የሚካፈሉ፥ ራሳቸው ጦም አድረው ወንበር የሚዘረጉ መምህራን በየገዳሙና በየደብሩ አሉ፤ እነርሱን የሚወቅስ አፍ ሊዘጋ ይገባዋል።

የቀደሙት አባቶችም ነገሩን በዚህ መንገድ አውቀውታል። የመነኰሳትን ማኅበር በሥርዓት ያቆመው አባ ጳኩሚስ ክርስቲያን ሆኖ አልተወለደም። በ4ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ፥ ገና ወጣት ሳለ፥ ለሮም ጦር በግድ ተይዞ ከሌሎች ምልምሎች ጋር በግብፅ ተዘግቶበት ነበር። ማታ ማታ የማያውቃቸው ሰዎች ምግብ እያመጡ ያበሏቸው ጀመር። እነማን ናቸው ብሎ ቢጠይቅ ክርስቲያኖች ናቸው ተባለ። ያ ወጣት ክርስቶስን ያወቀው በስብከት አይደለም፤ በእንጀራ ነው። እነዚያ የአገሩ ሰዎች ለማይታወቅ ምልምል ወታደር «እግዜር ይስጥህ» ብለው አልፈው ቢሆን ኖሮ፥ ሥርዓተ ጳኩሚስን የሚያነብብ መነኵሴ በኢትዮጵያ ገዳማት ባልተገኘም ነበር።

ቅዱስ ባስልዮስም እንዲሁ ነው። በ369 ዓመት ገደማ፥ በአውሮፓውያን አቈጣጠር፥ በቀጰዶቅያ በቂሳርያ ከተማ ረኃብ ገባ። ከተማዪቱ ከባሕር ስለ ራቀች ከሌላ አገር እህል ለማምጣት አስቸጋሪ ነበር፤ ባለ ጎተራዎቹም ዋጋው እስኪወጣ ይጠብቁ ነበር። ባስልዮስ በዚያን ጊዜ ገና ጳጳስ አልሆነም፤ ቄስ ነበር። ለተራበው ሕዝብ ስለ ትዕግሥት ከመስበክ ይልቅ ፊቱን ወደ ጎተራዎቹ መለሰ፤ ከፍጆታ የተረፈው እንጀራ ንብረትነቱ የተራበው ሰው እንደ ሆነ፥ የቈለፈበትም ሰው የሌላውን ገንዘብ እንደ ያዘ ተናገረ። ወዳጁ ጎርጎርዮስ ዘእንዚናዙ እንደ መሰከረለት፥ በቃሉ የባለጠጎቹን መጋዘን አስከፈተ፤ ከዚያም የተራቡትን በአንድ ስፍራ ሰብስቦ፥ ድስት አስጥዶ፥ ሽርጥ ታጥቆ በገዛ እጁ አስተናገዳቸው። ለአፍ ዳገት የለውም ይባላል፤ ባስልዮስ ግን ዳገቱን በእግሩ ወጣው።

በሌላው ወገን ደግሞ ከዚህ የማያንስ ስሕተት ተነሥቷል። እነዚህኞቹ መሥዋዕትን አልካዱም፤ ንግድ አደረጉት እንጂ። ስጦታ ዘር ነው፥ አንድ የሰጠ መቶ ያፍሳል፥ ያልበለጸገም ሰው እምነት የጐደለው ነው እያሉ ያስተምራሉ። የመጨረሻ ብሩን የሰጠው ድሀ ትርፉን ሲጠብቅ ይከርማል፤ ትርፉ ባልመጣ ጊዜም ከድህነቱ ላይ የእምነተ ቢስነት ወቀሳ ይጨመርበታል። ይህ ትምህርት በስም ስለ እግዚአብሔር ስጦታ ይናገራል፤ በሥራ ግን አራጣ ነው፥ የሚለየውም ተበዳሪው እግዚአብሔር መሆኑ ብቻ ነው።

የሰራፕታዪቱ መበለት ታሪክ ለእነዚህ ሰዎች አይመቻቸውም። ማድጋው እንዳልጐደለ ይጠቅሳሉ። እውነት ነው፥ አልጐደለም፤ ነገር ግን ሞልቶ ፈሰሰ ተብሎ አልተጻፈም። ሴቲቱም ዱቄት ነጋዴ አልሆነችም። የዕለቱ ለዕለት ደረሰላት፤ ይኸው ነው። ከዚያም በዚያው ምዕራፍ፥ በዚያው ቤት፥ ስለ እርሱ የፈራችለት ያ ልጅ ታመመና ሞተ። እንጀራዋን ለነቢይ የሰጠች ሴት ልጅዋን ቀበረች ሊባል ትንሽ ቀረው። ኤልያስ ጸለየ፥ ልጁም ተነሣ፤ በሞቱና በመነሣቱ መካከል ያለው ሰዓት ግን ምን ያህል ርዝመት እንደ ነበረው የምታውቀው እናቲቱ ብቻ ናት። መስጠት ከሐዘን ዋስ የሚሆን ቢሆን ኖሮ ሐዘን ከሁሉ ቤት ቀድሞ ያንን ቤት በዘለለው ነበር። በቤተ መቅደስም ሁለቱን ናስ የጣለችው መበለት ኑሮዋን ሁሉ እንደ ሰጠች ጌታ መስክሮላታል፤ በዚያን ማታ ምን እንደ በላች ግን ወንጌል አይናገርም።

ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓመተ ምሕረት አቡነ ጴጥሮስ በአዲስ አበባ በኢጣልያ ወታደሮች ተረሸኑ። የተጠየቁት ብዙ ነገር አልነበረም፤ አርበኞቹን እንዲያወግዙና ሕዝቡ ለወራሪው እንዲገዛ ቃላቸውን እንዲሰጡ ነው። አንድ ቃል ነፍሳቸውን ታድናቸው ነበር። እምቢ አሉ። ሠለስቱ ደቂቅ በባቢሎን ንጉሥ ፊት እግዚአብሔር ሊያድነን ይችላል፥ ባያድነን እንኳ ለጣዖት አንሰግድም በሚል መንፈስ ቆመው ነበር፤ አቡነ ጴጥሮስም የቆሙት በዚያው ስፍራ ነው። ለሠለስቱ ደቂቅ እሳቱ ቀዘቀዘ፤ ለአቡነ ጴጥሮስ ጥይቱ አልቀዘቀዘም። በአንደኛው ዘንድ እግዚአብሔር ነበረ፥ በሁለተኛው ዘንድ ግን አልነበረም የሚል ሰው ካለ ወጥቶ ይናገር። የዘር ነጋዴዎቹ ትምህርት ለእኚህ አባት ቦታ የለውም፤ የደጁ ባለጠጋ ትምህርትም ቦታ የለውም። ለአቡነ ጴጥሮስ የተሰጣቸው መግቦት እምቢ ለማለት የሚበቃ ኃይል ነበረ። ከእርሳቸው መሥዋዕትም በየዱሩ የተበተነው አርበኛ አምስቱን ዓመት የሚዘልቅበትን ስንቅ አገኘ።

ይህ ሁሉ ከተነገረ በኋላ፥ ብዙ ዓዋቂዎች የሚያነሡት አንድ ክርክር አለ። ምጽዋት ሰነፍ ያበዛል፥ ጳውሎስም ሊሠራ የማይወድ አይብላ ብሎ አዟል ይላሉ። ጳውሎስ ይህን መናገሩ እውነት ነው፤ የተናገረው ግን ሊሠራ ስለማይወደው ነው እንጂ ሥራ ስላጣው፥ ስለ ታመመው፥ ስላረጀውና ስለ ሕፃኑ አይደለም። ይኸው ጳውሎስ በኢየሩሳሌም ላሉት ድሆች ገንዘብ ሲያሰባስብ አገር ለአገር ዞሯል፤ የመቄዶንያንም ክርስቲያኖች ከድህነታቸው አውጥተው ስለ ሰጡ አመስግኗቸዋል። ከ1880 ዓመተ ምሕረት ጀምሮ፥ በክፉ ቀን፥ በሽታ የአገሩን በሬ ፈጅቶ ሞፈር በተሰቀለ ጊዜ፥ ዐፄ ምኒልክ ዶማ ይዘው በገዛ እጃቸው መሬት ቈፍረው ለመኳንንቱና ለሕዝቡ ምሳሌ ሆነዋል። በእግዚአብሔር መግቦት ያመነ ንጉሥ ዶማ መጨበጥ አላሳፈረውም። ሥራና እምነት አይጣሉም። የሚጣሉት ሥራን የድሀው ግዴታ፥ እምነትንም የድሀው መጽናኛ አድርጎ፥ ለራሱ ግን ከሁለቱም አንዱን ሳያስቀር በተቀመጠ ሰው አፍ ውስጥ ብቻ ነው።

ሌላም ጥያቄ አለ፤ ይህኛው ግን የክፋት ሳይሆን የጭንቀት ጥያቄ ነው። ታዲያ ያለውን ሁሉ አውጥቶ ሰጥቶ፥ ልጆቹን በረኃብ ይግደል ወይ ይባላል። ኤልያስ ማድጋውን አልወሰደም። የጠየቀው አንዲት ትንሽ እንጎቻ ነው። ነገር ግን እንጎቻዪቱ አስቀድማ ለእርሱ እንድትጋገር፥ ከዚያም በኋላ ለእናቲቱና ለልጅዋ እንዲጋገር ነገራት። ጭንቁ ያለው በብዛቱ ሳይሆን በዚህ ተራ ነው። በሠርግና በተዝካር ቀን ለነዳያን የሚወጣው ጥቂት አይደለም፤ በትልቅ ገበቴ ነው የሚወጣው። የሚወጣው ግን እንግዶች ከተነሡ በኋላ፥ ከጐረሱት የተረፈው፥ ወጡ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው። ተራው ስለ ተገለበጠ፥ ብዙ ቢሆንም ከማንም ማዕድ ምንም አላጐደለም።

የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ተርጓሚዎችም በዚህ ስፍራ የመረጡት ቃል ሊታሰብ ይገባዋል። እንጎቻ ማንኛዋም እንጀራ አይደለችም። እናት ከምጣዱ ሥር የሚጠብቃትን ሕፃን ለማስደሰት አሳንሳ የምትጋግራት ናት። የሰራፕታዪቱ መበለት ጭራሮዋን ይዛ ወደ ቤትዋ በገባች ጊዜ የልጁ እንጀራ ነበር የተጠየቀችው፤ ልጁም በዚያ ተቀምጦ ነበር፥ እሳቱም ሲነድ ያይ ነበር። ሄደች፥ ጋገረች፥ አስቀድማም ለነቢዩ አመጣችለት።